አብረኸው መሄድ ትችል ነበር

የተከበርሽ ሂስከ፣ የዊብረን ልጅ። የተከበሩ መጋቢ ኢነከ። የጸሎት ቤቱ ወንድሞችና እኅቶች፣ የመንደራችን ሰዎች፣ ከፓምፕ ጣቢያው ፈረቃ ቀይራችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ። በዚህ ነፋስ ቆማችሁ ስለምታዳምጡኝ አመሰግናለሁ። ባርኔጣችሁን አድርጉ። ዊብረን ለክብሩ ሲባል ጉንፋን የሚይዘው ሰው እንዲኖር አይፈልግም ነበር።

ገርበን እባላለሁ። ለማታውቁኝ፣ መሬታችን በውሃ እንዳይዋጥ ውሃውን በሚያወጣው ፓምፕ ጣቢያ ከዊብረን ጋር የሠራሁ ነኝ። እሱ ሞተሮቹን ይጠብቅ ነበር፣ እኔ የውሃውን ከፍታ። ወጣት ሆነን ገባን፣ ሸብተን ወጣን። የእናንተ ጸሎት ቤት አባል አይደለሁም። እኔ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነኝ። እኛ ጋ ምን ማመን እንዳለብህ ታትሞ ይሰጥሃል፤ ልጅ ሆነህ በቃልህ ታጠናዋለህ። እናንተ ጋ የታተመ ነገር የለም። ሰው አድጎ ሊጠመቅ ሲፈልግ፣ ምን እንደሚያምንና ምን ዓይነት ሰው ሆኖ መኖር እንደሚፈልግ ራሱ ይጽፋል። ፊታችሁ ቆሞ ያነበዋል። ታዳምጣላችሁ። እጁን ትጨብጣላችሁ። ማንም አይጠይቀውም።

እንድናገር የጠየቀችኝ ሂስከ ናት። «አጎቴ ገርበን፣ አንተ ተናገር። ከእነሱ አንዱ ከተናገረ ሁሉንም ነገር ያለሰልሰዋል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለእናንተ ዳቦ እየቆረጠች፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ እንዲህ አለችኝ፦ «ያ ሰውዬ የአባቴን የሬሳ ሳጥን ከነካ ጥያችሁ ነው የምሄደው።»

ያ ሰውዬ ሪንሰ ነው። እዚህ አለ፤ ገመዱ አጠገብ ቆሟል። በመንደራችን ሬሳ ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱት ጎረቤቶች ናቸው፤ የፊተኛውን ገመድ የሚይዘው ደግሞ የቅርብ ጎረቤት ነው። ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ፊታችን ቆሞ አላነበበውም። እንዲሁ ነው የሚደረገው። የዊብረን የቅርብ ጎረቤት ሪንሰ ነው። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አንድ ቦይ ብቻ ነው። ሞቱንም በየቤቱ እየዞረ ያረዳን እሱ ነው። የእኔን በር አንኳኩቶ «ዊብረን ሞቷል፣ ቀብሩ ሐሙስ ነው» አለኝና ቆመ። ግባ አላልኩትም። እናንተም ግባ እንዳላላችሁት ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት የምንነጋገረው ነገር አለ።

ዊብረን ምን ዓይነት ሰው ነበር? ጨዋ አልነበረም። ልጁ እየሰማችኝ ነው፤ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ሰው ቤት ተጋብዞ የአተር ሾርባ ሲቀርብለት ጨው አንሶታል ብሎ ለባለቤቲቱ የሚነግር ሰው ነበር። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን የመጣ ቀን ስለ ታማኝነትና ስለ አንድ ቤተሰብነት ረጅም ንግግር አደረገልን። ሲጨርስ ዊብረን እጁን አወጣ። «ይሄን ያሉትን ያምኑበታል ወይስ ከላይ ተጽፎ ነው የተሰጥዎት?» አለው። ሰውዬው እስከ ጆሮው ቀላ። ዊብረን ሊያዋርደው አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልጎ ነው። ከእሱ ጋር መኖርን የሚያከብደውም ይሄው ነበር፤ የምር ማወቅ ይፈልጋል።

በወጣትነቱ ለውትድርና ተጠርቶ አልሄድም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አልሄድም ያለ ሰው መኮንኖች ፊት ቀርቦ ያስረዳል። ይሄን ታሪክ በሻይ ሰዓት ደጋግሞ ነግሮናል፤ ባልደረቦቼ ከእኔ ጋር አብረው ሊሉት ይችላሉ።

«ቤተ ክርስቲያንህ ነው የከለከለህ?» አሉት።

«የኛ ቤት ምንም አይከለክልም።»

«ታዲያ ማነው የከለከለህ?»

«እኔው።»

«አንተ ማነህና?»

«እሱን ልትጠይቁኝ መስሎኝ ነው የመጣሁት» አለ።

ሳቁ። አንዱ ግን አልሳቀም፤ መሐል የተቀመጠው ሽማግሌ መኮንን። መነጽሩን አውልቆ፦ «ስማኝ ልጄ። አንተ ዛሬ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም ትላለህ። ነገ ሌላው ይመጣና ሚስቴን ብመታ ኅሊናዬ ይፈቅድልኛል ይላል። ለሁሉም የየራሱን ከፈቀድንለት፣ ክፉ ብለን የምንጠራው ነገር ይቀረናል ወይ?» አለው።

ዊብረን እንዲህ አለ፦ «ጠይቁት። እኔን እዚህ ወንበር ላይ እንዳስቀመጣችሁኝ አስቀምጡት። ሚስቱም ገብታ ትጠይቀው። እኔ ጠዋት ነው የገባሁት፣ ይኸው ምሳ ሰዓት አለፈ፣ እስካሁን አልጨረሳችሁልኝም። እሱ እስከ ምሳ የሚቆይ ይመስላችኋል?»

ፈቀዱለት። በጠመንጃው ፋንታ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ እንዲሠራ ላኩት። አልጋ ያነጥፋል፣ ያጥባል፣ ያበላል፣ በር ይቆልፋል። ስለዚያ ዘመን ብዙ አይናገርም ነበር። «ቁልፉ የእኔ ኪስ ውስጥ ነበር» ይላል፣ ከዚያ ብርጭቆውን ሊያጥብ ይነሣል።

እኔ ሁልጊዜ አሾፍበት ነበር። «እናንተ ቤት እያንዳንዱ የራሱን ሃይማኖት ያበስላል። ሽንኩርት የማይወድ ሽንኩርት አይጨምርበትም» እለዋለሁ።

«እናንተ ቤት ደግሞ በስሎ ይመጣል። ይቀመጣል። ማንም አይቀምሰውም።»

«ቢያንስ የምን ወጥ እንደሆነ እናውቃለን።»

«ስማ ገርበን» ይለኛል፣ «እኛ ለየብቻችን እንጽፋለን። እሺ። ግን ሰው ፊት ቆመን ጮክ ብለን ነው የምናነበው። ለምንድን ነው ጮክ ብለን የምናነበው? ማንም የማይጠይቀን ከሆነ ለግድግዳ ብናነብ ምን ነበረበት?»

 ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ውሃ መለኪያዬ ተመለስኩ።

ሪንሰ የጻፈውን ያነበበ ቀን እኔም ነበርኩ። ዊብረን ነው ና ብሎ የወሰደኝ። ከኋላ፣ ኮት መስቀያው ሥር ተቀመጥኩ። ሪንሰ አዲስ ጃኬት ለብሶ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር ገና ትከሻው ላይ ይታያል።  ያነበበውን አስታውሳለሁ፤ እናንተም ታስታውሳላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ተወርቶለታል። «ጥሩ ምን እንደሆነ ለሌላ ሰው ልነግረው አልችልም» አለ። «ለራሴ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በማንም ሰው ፈቃድ ላይ እጄን አልጭንም። መሄድ ለሚፈልግ መንገዱን እለቅለታለሁ። ለእኔም እንዲሁ ይደረግልኝ።»

ቆንጆ ነበር። ያለቀሱም ነበሩ። አባቱ ሽማግሌው ሲቤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ሁላችንም እየሄድን የሪንሰን እጅ ጨበጥን።

ስንመለስ ብስክሌታችንን እየገፋን ነበር።

«ጥሩ ነው የጻፈው» አልኩት ለዊብረን።

«ጥሩ ነው። ‹መንገዱን እለቅለታለሁ› ሲል ግን ምን ማለቱ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጠይቀው።»

«እኛ ቤት አይጠየቅም» አለኝ።

አልጠየቀውም። ይህን ልብ በሉልኝ። ዛሬ መልአክ አልቀብርም። ዊብረንም ያን ቀን አልጠየቀም።

ከዚያ ሲቤ አእምሮው እየሸሸው ሄደ። ሲቤ በወጣትነቱ በበረዶ ላይ በመንሸራተት የታወቀ ነበር፤ ሐይቁ በረዶ ሆኖ በጠና ቁጥር ከመንደር መንደር ሲበር ያያችሁት አላችሁ። አእምሮው ሲሄድ ያ ብቻ ቀረለት። በበጋው ሙቀት ተነሥቶ «በረዶው ይዟል?» ይላል። ሪንሰ ሚስት የለውም፣ እኅት የለውም። ላሞቹ አሉ፣ አባቱ አለ። ላሞቹን ያልባል፣ ተመልሶ አባቱን ያጥባል። ልብሱን ይቀይርለታል። እንደገና ይቀይርለታል። አንዳንድ ቀን ከበረት ሲወጣ አባቱን ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ያገኘዋል። የዚያን ሰው ዓመታት እዚህ ቆሜ አላቃልላቸውም።

ሐኪሙ በሩን ቆልፍበት አለው። ሪንሰ «አባቴ በተቆለፈ በር ኖሮ አያውቅም» አለ። ይህም ተወራለት። እናንተ ጸሎት ቤት፣ ሪንሰ ለቃሉ የታመነ ሰው ነው ተባለ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው ተባለ። ስለ ባልንጀራ የሚያዝዘው ክፍል እኛ ጋ ታትሟል፤ አሁን በል ብትሉኝ በቃሌ እወጣዋለሁ። ከእኛ መሐል አንድ ከሰዓት «እኔ እቀመጥለታለሁ፣ አንተ ተኛ» ብሎ የሄደ የለም። እናንተ ያልሄዳችሁት የሰው ፈቃድ ላይ እጅ አንጭንም ብላችሁ ነው። እኛ ያልሄድነው ምን ብለን ነው? ምንም አላልንም። እንዲሁ አልሄድንም።

ከዚያ ያ የካቲት መጣ። ሐይቁ ገና ስስ በረዶ ነበር የያዘው፤ ዳክዬ ሲቆምበት እንኳ ሲሰነጠቅ ይሰማል። አንድ ቀን ከሰዓት ሲቤ መንሸራተቻ ጫማውን ከምስማሩ አወረደ። ኮቱን ለበሰ። በግቢው አልፎ፣ በበረቱ ፊት አልፎ፣ ወደ ሐይቁ ሄደ። በማግስቱ የእሳት አደጋ ሰዎች ከበረዶው ሥር አወጡት። መንሸራተቻውን እግሩ ላይ አጥብቆ አስሮት ነበር። ቋጠሮው ትክክል ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ዘቢብ ዳቦ ቀረበ። አንድ በአንድ እየተነሡ ተናገሩ። «በሚወደው ነገር ሄደ» አሉ። «ነጻ ሰው ነበር፣ ነጻ ሆኖ ሄደ» አሉ። «ሪንሰ አባቱን እስከ መጨረሻ አከበረ» አሉ። እኔ ዳቦዬን እበላ ነበር። ከዚያ ዊብረን ተነሣ።

«ሪንሰ» አለው፣ «ሲወጣ አይተኸዋል?»



«አባቴ ነጻ ሰው ነበር» አለ ሪንሰ።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ሲወጣ አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ልቆልፍበት? ስለ መቆለፍ አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

«አልልህም። መቆለፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ኮትህን ለብሰህ አብረኸው መሄድ ትችል ነበር።»

ሪንሰ ተነሣ።  «አንተስ?» አለው። «ከቦዩ ማዶ ነው የምትኖረው። አባቴ አትክልት ቦታህ ድረስ መጥቶ ስንት ጊዜ አግኝተኸዋል? አንድ ቀን ተሻግረህ ምን ላግዝህ ብለኸኛል?»

«አላልኩህም» አለ ዊብረን። «አግኝቼው በር ላይ አድርሼው ዝም ብዬ ተመልሻለሁ። የሰው ቤት ነው ብዬ። እኔንም ጠይቁኝ። ይኸው ቆሜያለሁ፣ ጠይቁኝ።»

ማን ጠየቀው? ማንም። ሪንሰንም ማንም አልጠየቀው። አቶ ኡበለ፣ እርስዎ ነዎት የተነሡት፤ የጉባኤው ሰብሳቢ ነበሩ። በለዘበ ድምፅ ነው የተናገሩት። «ወንድም ዊብረን» አሉት፣ «እዚህ ቤት ዳኛ የለም። ሪንሰ የራሱ እውነት አለው። አንተም የራስህ አለህ። ሁለቱንም እናከብራለን። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ከዚያ ዳቦ አቀበሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። በጨዋነት፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ዳቦ አቀበሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ በግራውም በቀኙም ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። ከጉባኤው እንዲወጣ ማንም አልነገረውም፤ ለስብሰባ የሚጠራው ግን ጠፋ። እሱ ግን ይመጣል። ዝናብም ቢሆን ይመጣል። አንድ ቀን «ተዋቸውና እኛ ጋ ና» አልኩት።

«እናንተ ጋ ብመጣ ምንድን ነኝ? እንግዳ። እንግዳ ተነሥቶ ‹ተሳስታችኋል› ቢል ስድብ ነው። የቤት ሰው ሲለው ግን...»

«የቤት ሰው ሲለውስ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ» አለኝ። «ገና ማንም አልመለሰልኝም።»

ጥፋተኛው እሱ የሆነ ነበር የሚመስለው። የሞተውን ሰው ረሳነው፤ የጠየቀውን ሰው ግን አልረሳነውም። ሱቅ ውስጥ ሰላም ይሉታል። ስለ አየር ጠባይ ያወሩታል። ስለ ሌላ ምንም አያወሩትም። ሂስከ ለልደቱ ኬክ ጋግራ ጠበቀች፤ የመጣነው እኔና ሚስቴ ብቻ ነበርን። ይህን ታውቃላችሁ፤ ቤታችሁ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

ሳንባው ታመመ። መጨረሻ ላይ አልጋው ሳሎን ነበር፣ መስኮቱ ሥር። ከዚያ የሪንሰ በረት ይታያል። እሁድ ከሰዓት እሄድለት ነበር። አንድ ቀን ስለ ቀብሩ ጀመረ።

«ፊተኛውን ገመድ ማን ይይዛል?» አልኩት።

«የቅርብ ጎረቤት ነዋ።»

«ሪንሰ?»

«ሌላ የቅርብ ጎረቤት አለኝ እንዴ? ቦዩን አዛወራችሁት?»

«እስካሁን አልመለሰልህም ዊብረን።»

«ባይመልስም ይይዛል። ገመድ መያዝ ሽልማት አይደለም። ተሸክሞኝ አያውቅም እንጂ፣ እኔ ከባድ ነኝ።» ሳቀ፣ ሳሉ ያዘው። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ታውቃለህ ገርበን፣ ምናልባት ተሳስቼም ይሆናል። ምናልባት ሽማግሌው በበረዶ ላይ መሞቱ፣ በር ተቆልፎበት ከመሞቱ ይሻል ይሆናል። ማቆያው ውስጥ የሞቱትን አይቻለሁ። ሪንሰ ተነሥቶ ‹ተሳስተሃል፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው› ቢለኝ ተቀምጬ እሰማው ነበር። ወይም ‹አጥፍቻለሁ› ቢለኝ። እነሱ ግን ‹ያ የአንተ እውነት ነው› አሉኝ። ለዚህ ምን ይባላል? አፌ ላይ በር ዘጉብኝ፣ በሩ ድምፅ እንኳ የለውም።»

ይህን ነው የነገረኝ። አሁን የእኔን ልናገር፣ አጭር ነው።

ያ ሽማግሌ መኮንን ለዊብረን ያቀረበለትን ጥያቄ እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ሰው ሁሉ ጥሩን በራሱ መንገድ ይፈልግ ካልን፣ ጥሩና ክፉ አንድ አይሆኑም ወይ? አዎ ይሆናሉ እል ነበር። የእናንተን ቤት እያየሁ ነበር እንደዚያ የምለው። ዊብረን ግን ከእናንተው ቤት ነው። የራሱን ጻፈ፣ የራሱን አነበበ፣ ጠመንጃ አልይዝም ብሎ ብቻውን ቆመ። ከእሱ የበለጠ በራሱ መንገድ የሄደ ሰው አላውቅም። ክፉን ክፉ ከማለትም ከእሱ የበለጠ የደፈረ አላየሁም። ታዲያ ነጻነት ነው ሲቤን ከበረዶ ሥር ያስገባው? ሪንሰ ቃሉን ራሱ መጻፉ ነው? አይመስለኝም። ሪንሰ ያንን ቃል ሲያነብ አንድ ሰው «አባትህ ወደ ሐይቁ መሄድ ቢፈልግስ?» ብሎት ቢሆን፣ እዚያው ቆሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር። ምናልባት ቃሉን ይቀይር ነበር። ምናልባት አይቀይርም። ቢያንስ አንድ ሰው እንደሚመጣና እንደሚጠይቀው ያውቅ ነበር፤ ምናልባትም ያው ሰው አንድ ከሰዓት ሽማግሌውን ይጠብቅለት ነበር። እናንተ እጁን ጨብጣችሁ ብቻውን ከቃሉ ጋር ተዋችሁት። እሱም አባቱን እንዲሁ ተወው። መተውን አክብሮት አልነው፤ ሁላችንም፣ ከመንገዱ ወዲህም ወዲያም።

ሂስከ። ልትሄጂ ከፈለግሽ ማንም አይይዝሽም። ለአባትሽ ያደረጉትን አይተሻል። ግን ጥያቄውን የጠየቀው አባትሽ ነው፣ መልስ ሳያገኝ ነው የተኛው። ትንሽ ታገሺኝ።

ሪንሰ። ቀና በል። ፍርድ ቤት አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ እኔን ዳኛ አድርገው አያስቀምጡኝም። አቶ ኡበለ፣ ይቅርታ፣ እጅዎን ያውርዱ፣ ማለዘብ አያስፈልግም። ሪንሰ፣ ይሄ የእኔ ጥያቄ አይደለም። የጎረቤትህ ነው፤ እዚህ ጉድጓዱ ላይ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ነው ያለው፣ ከዚህ በኋላ አይጠይቅህም። አባትህ ሲወጣ አይተኸው ነበር?

እንጠብቃለን። ይብረደን፣ እንጠብቃለን።

ምን አልክ? ነፋሱ ወሰደው። ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም።

«አይቼዋለሁ» ይላል።

ቀጥል።

«በበረቱ መስኮት አይቼዋለሁ» ይላል። «መንሸራተቻው እጁ ላይ ነበር። ደክሞኝ ነበር» ይላል። «ሄዶ ቢቀርስ ብዬ አሰብኩ» ይላል። «ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

ከኋላ ያላችሁ ሰምታችኋል? አልደግመውም።

አመሰግንሃለሁ ሪንሰ። ይቅር ብለንሃል አልልህም፣ የእኔ አይደለም። ክፉ አደረግህ። ይህን ነው ዊብረን ሊልህ የፈለገው፣ እኔም እልሃለሁ፣ ስምህን ጠርቼ፣ ፊትህን እያየሁ። እሱም ቦዩን አለመሻገሩ ክፉ ነበር፣ ራሱ ነግሮሃል። የቀረነውም ተራችን ይደርሳል። ከዚህ ስንመለስ አዳራሹ ውስጥ ዳቦ አለ። ዛሬ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ሰው ካገኘሁ ከእሱ ጋር አልቀመጥም። አጠገቡ ተቀመጡ። ጠይቁት። እሱም እናንተን ይጠይቃችሁ። ከባድ ከሰዓት ይሆናል።

ሂስከ? ገመዱን ምን እናድርግ?

«ይያዘው» ትላለች። ሌላ አላለችም። ፊቷንም አላዞረችም። እኔም አልጨምርበትም።

ጎረቤቶች፣ ገመዳችሁን ያዙ። ሳንቃውን አውጡ።

ዊብረን። የጠየቅከውን ሰውዬው መለሰ። ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የታተመ መልስ አላት፣ የአንተ ቤት ለእያንዳንዱ ትተወዋለች፤ እኔ ዛሬ ሁለቱም አይመቹኝም። መልሱ የዘገየ ይመስለኛል። አንተ መስማት በምትችልበት ጊዜ መባል ነበረበት። ዓመታት ሙሉ ባዶ ወንበሮች መሐል ተቀምጠህ ጠበቅህ፣ ያንን ማንም አይመልስልህም። የሰማነው እኛ ነን። ከዛሬ ወዲያ አልሰማሁም የሚል ከመሐላችን አይኖርም።

ቀስ አድርጉት። ሪንሰ፣ ክብደቱ ወደ አንተ ነው፣ አትልቀቅ።

ደህና ሁን ዊብረን።